ሞተር ከመውረዱ በፊት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ከአያትና ከኮተቤ ተማሪ እየሰበሰበች ቦሌ የምታደርስ የቶዮታ ሃይስ ባለንብረት ናት፤ መኪናዋን የምትነዳውም ራሷ ናት። ሌላው ተግባረ ዕድ ተምረው ዕድሜያቸውን ከናፍጣ ሞተር ጋር ያሳለፉ የገርጂ መካኒክ ናቸው። መኪናዋ ሕዝቡ «ዶልፊን» ከሚለው ዘር ናት፤ ሞተሯ «ሦስት ኤል» የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ሌላ ጋራዥ «ሞተሩ አልቋል፣ ወርዶ ይታደስ» ብሎ ፈርዶባታል። አጠገባቸው ሆኜ የሰማሁትን አሰፈርኩት። በዚህች ከተማ ስንት ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ እንደሚፈታ ሳይ ይቆጨኛል፤ አብሮት የሚፈታው የስንት ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ባለንብረቷ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይኸው ወረቀቱ። የአራቱም ሲሊንደር ግፊት ተለክቶ 24፣ 23፣ 24፣ 23 ነው የመጣው። የቶዮታ መጽሐፍ 32 ይላል አሉኝ። ፋሻ፣ ፒስቶን፣ ብሮንዚን፣ የቴስታታ ሥራ፣ ሁሉንም ዘርዝረው ዋጋውን ጻፉልኝ። መኪናዋን ብሸጣት ከማገኘው ግማሹን ይወስዳል።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነሽ? ቁጭ በይ። ወረቀቱን እናየዋለን፣ የትም አይሄድም። መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። በየቀኑ የምትነጃት አንቺ ነሽ፤ እዚያ ጋራዥ ምን ምን ጠየቁሽ?

ባለንብረቷ፦ «ጭስ አላት?» አሉኝ፣ «አዎ» አልኩ። ወዲያው የፊት ወንበሩን አንስተው የሞተሩን መሸፈኛ ከፈቱት።

መካኒኩ፦ እንግዲያው እኔ ልጠይቅሽ። ጭሱ ምን ዓይነት ነው? መቼ መቼ ነው የሚወጣው?

ባለንብረቷ፦ ጠዋት ጠዋት ነጭ ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። ግቢው በጭስ ይሞላና ጎረቤቶቼ መስኮት ይዘጋሉ። ሲሞቅ ይጠፋል። ልጆቹን ጭኜ ወደ ኮተቤ ሽቅብ ስይዝ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ ጉልበት የላትም፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምገፋት። ሌላው ሙቀት ነው። መገናኛ ተዘጋግቶ ስንቆም መርፌው ሽቅብ ይወጣል። ቤት ገብቼ ካጠፋኋትም በኋላ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ሲንተከተክ ይሰማኛል።

መካኒኩ፦ አየሽ፣ የነገርሽኝ ሦስት ሕመም ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፣ ትራፊክ ላይ ሙቀት። እነሱ ሦስቱን አንድ አደረጉትና «ሞተር አልቋል» አሉ። ሦስቱም ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ፤ ሦስት የተለያየ ምንጭም ሊኖራቸው ይችላል። ይህ ሳይለይ ብሎን አይፈታም። ዘይት ትበላለች?

ባለንብረቷ፦ ብዙም። ከሰርቪስ እስከ ሰርቪስ ትንሽ ነው የምጨምርላት።

መካኒኩ፦ ሰማያዊ ጭስ አይተሻል?

ባለንብረቷ፦ የለም። ነጭና ጥቁር ብቻ።

መካኒኩ፦ አዳማ ወስደሻት ታውቂያለሽ?

ባለንብረቷ፦ በዕረፍት ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ወስጃት ነበር። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ስገባ ፈርቼ ነበር። አዳማ ከተማ ስትገባ ግን ሌላ መኪና ሆነች፤ ጭሱም ቀነሰ። ስመለስ ያው ሆነች። እንዲያውም «ናፍጣው ነው የሚለያየው» ብዬ ነበር።

መካኒኩ፦ ናፍጣው አይደለም፤ አየሩ ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ኤርፖርት ያለበት ሜዳ እንኳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አዳማ 1,700 ገደማ ነው። እዚህ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሰውም ሞተርም እኩል ነው የሚያገኘው። ሦስት ኤል ደግሞ ተርቦ የለውም፤ አየር በግድ የሚጭንለት ነገር የለም። የከበበውን አየር ስቦ ነው የሚሠራው። ያለቀ ሞተር አዳማ ስለወረደ እንዲህ አያገግምም።

ባለንብረቷ፦ ታዲያ ቁጥሩስ? 32 መሆን ሲገባው 24 መጣ እኮ።

መካኒኩ፦ አሁን ወረቀቱን አምጪው። የ32 ሦስት አራተኛ ስንት ነው?

ባለንብረቷ፦ ሃያ… 24።

መካኒኩ፦ ወረቀትሽ ላይስ?

ባለንብረቷ፦ 24፣ 23፣ 24፣ 23። ቆይ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው?

መካኒኩ፦ ቁጥሩን በትክክል ነው የለኩት፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፣ ብዙ ጋራዥ አይለካም። የተሳሳተው ንባቡ ነው። መጽሐፉ ለዚህ ሞተር በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ግፊት ጤናማ፣ 20 የመጨረሻው ወለል ይላል፤ በሲሊንደርና በሲሊንደር መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 አይብለጥ ይላል። ያ ልክ ለባሕር ጠለል አየር ነው። ፒስቶኑ ሽቅብ ሲወጣ የሚጨምቀው የገባውን አየር ነው፤ የገባው ሩብ ሲጎድል ጭምቁም በዚያው ልክ ይጎድላል። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ሞተር እዚህ ገርጂ ብትለኪ 32 አታገኚም። የወረቀትሽ አራት ቁጥሮች ደግሞ እርስ በርስ በአንድ ኪሎ ብቻ ነው የሚለያዩት። ያለቀ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ እኩል አያልቅም፤ አንዱ 24 ሲል አንዱ 14 ይላል።

ባለንብረቷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ሊያጽናኑኝ ነው እንዳልል ፈራሁ። እነሱ ትልቅ ጋራዥ ናቸው።

መካኒኩ፦ ትክክል ነሽ፣ ጠርጥሪ። እኔንም ጠርጥሪኝ። ስለዚህ በዓይንሽ እናየዋለን። አስነሺያት። አሁን ወንበሩን አነሳለሁ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን እከፍታለሁ። እጅሽን ከላይ ዘርጊው፣ ቀበቶና ማራገቢያ ስላለ ወደ ውስጥ አታስገቢው። ምን ይሰማሻል?

ባለንብረቷ፦ ቀስ ያለ ትንፋሽ። ትንሽ ሞቅ ይላል።

መካኒኩ፦ ፋሻው ያለቀ ሞተር እዚያ ላይ እጅሽን ይገፋዋል፤ ክዳኑን ከላይ ብታስቀምጪው እየዘለለ ይወድቃል፣ ጭስም አብሮ ይተፋል። ይኸኛው ይተነፍሳል፣ አይተፋም። ለዕድሜው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የክዳኑ ምርመራ ሳንቲም አያስወጣም። የሒሳቡ ምርመራ ደግሞ አንድ ማባዛት ነው። ሴትዮዋ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ማጣት ልትከፍል የነበረውን ገንዘብ ሳስብ ጉዳዩ ከመካኒክ ዕውቀት ያለፈ መሰለኝ። ጋራዡ ሞኝ አልነበረም፤ መለኪያ ነበረው፣ መጽሐፍም ነበረው። ያልነበረው ያለበትን ከተማ ከመጽሐፉ ጋር የማገናኘት ልማድ ነው። የቶዮታ መጽሐፍ የጸሐፊውን ሀገር አየር ነው የሚናገረው፤ የእኛን ሀገር ከፍታ መጨመር የእኛ ድርሻ ነበር።

ባለንብረቷ፦ እሺ፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ነጩ ጭስ ከየት መጣ?

መካኒኩ፦ ናፍጣ ሞተር ክብሪት የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያመጣው ሐሳብ ይኸው ነው፦ አየርን በኃይል ብትጨምቂው ይግላል፣ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ያንቺ ሞተር አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ነው የሚጨምቀው። የአየሩ ግለት ካልበቃ ወይም ናፍጣው በሰዓቱ ካልመጣ፣ ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ማውጫው በጉም መልክ ይወጣል። ነጭ ጭስ ሲሸትሽ ዓይን ያቃጥላል?

ባለንብረቷ፦ በጣም። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

መካኒኩ፦ ያ ጥሩ ምልክት ነው። ውኃ ቢሆን ዓይን አያቃጥልም፣ እንደ እንፋሎት ቶሎ ይበተናል፣ ራዲያተሩም ይጎድላል። ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበላ ብዬ እፈራ ነበር። ጠዋት ብርድ ላይ፣ አየሩ ስስ በሆነበት፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ካልሠሩ እንዲህ ይሆናል። ስንት ነው የሚሠሩት? ተለክተዋል?

ባለንብረቷ፦ አልለኩልኝም።

መካኒኩ፦ ግፊቱን የለኩት እነሱን ነቅለው በቀዳዳቸው ነው። አራቱን በእጃቸው ይዘው አልፈተሿቸውም ማለት ነው። አሁን በአምፖል እናየዋለን… ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ሞቷል። አንዱ ብቻውን ግን ያን ያህል አያስቸግርም። ሌላም ነገር አለ። መኪናዋን ቤትሽ የምታቆሚው የት ነው? ሜዳ ላይ?

ባለንብረቷ፦ ግቢያችን ተዳፋት ነው። አፍንጫዋ ሽቅብ ይሆናል። አሁን ሲሉኝ ትዝ አለኝ፤ እህቴ ቤት ሰሚት ሳድር ሜዳ ላይ ነው የማቆማት፣ እዚያ ጠዋት ቶሎ ነው የምትነሳው! ብርዱ ያው ነው፣ ግን ትነሳለች።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይኼን ማንም መሣሪያ አይነግረኝም። ካንዴላ ቢሆን ሰሚትም ቤትሽም እኩል ያስቸግርሽ ነበር። አፍንጫዋ ሽቅብ ሲሆን ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሰልባቲዮው፣ ወደ ናፍጣ ጋኑ፣ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም የሆነ ቦታ አየር ስለሚገባ ነው። ቱቦ የተሰነጠቀ፣ ፋሻቲው የላላ፣ ወይ የፊልትሮው ጎማ የደረቀ ይሆናል። ናፍጣ ሳይንጠባጠብ አየር ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ጠብታ ፈልገሽ አታገኚም። ፖምፓው ጠዋት የሚያገኘው አረፋ ነው።

ባለንብረቷ፦ አሁን ማረጋገጥ ይቻላል?

መካኒኩ፦ አሁን ሞቃለች፣ ናፍጣውም ሞልቷል። ሞቅ ያለ መኪና ይዋሻል። ይህ ምርመራ ሌሊት ያደረ መኪና ነው የሚፈልገው። ፊልትሮው ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ አለ፣ ይኸውልሽ፣ ንኪው። አሁን ጠንከር ይላል። ጠዋት ከማስነሳትሽ በፊት ስትጫኚው ልፍስፍስ ካለ፣ ደጋግመሽ ስትጫኚው ጠንክሮ ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ ፍርዱ አለቀ፤ አየር ነው። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ቱቦ በሚያሳይ ላስቲክ ለጊዜው ብንቀይረው ደግሞ አረፋው ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ከዚያ ወደ ኋላ እየተከተልን እንይዘዋለን። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ጠዋት አልነሳ ስትልሽ ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ አየር መሳቢያው ላይ የሚያደርግልሽን ሰው አትፍቀጂለት። ካንዴላው ግሎ ሳለ ቢቀጣጠል ሰውም ሞተርም ይጎዳል።

ባለንብረቷ፦ አንዴ ጎረቤት አድርጎልኝ ነበር። ከእንግዲህ አላደርግም። ጥቁሩስ?

መካኒኩ፦ ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ ወይ አየሩ አንሶ ነው። በዚህ ከተማ ከሌላው ሁሉ በፊት አየሩን ነው የምጠረጥረው። የአየር ፊልትሮው መቼ ተቀየረ?

ባለንብረቷ፦ በኮምፕሬሰር ይነፉልኛል።

መካኒኩ፦ ተመልከቺ፣ ይኸውልሽ። ከላይ የተነፋ ይመስላል። እጥፋቱን ከፈት ሳደርገው ውስጡ ያለውን ቀይ አቧራ አየሽው? ከዘይት ጉም ጋር ተለጥፎ ደርቋል። በባትሪ ከውስጥ ላብራበት፤ ብርሃኑ በስንት ቦታ ያልፋል?

ባለንብረቷ፦ እዚህ ጥግ ላይ ብቻ። ሌላው ጨለማ ነው።

መካኒኩ፦ ከተማው ራሱ የአየሩን ሩብ ነፍጎሻል፤ ይኼ ደግሞ የቀረውን ይነጥቅሻል። ኮረኮንችና የግንባታ አቧራ ባለበት መንገድ የምትሄድ መኪና መጽሐፉ ካለው ጊዜ ቀድማ መቀየር አለባት። ሁለተኛው ነገር ይኼ ነው፤ ወደዚህ ጠጋ በይ። ፖምፓው ላይ ያለችው ይህች ብሎን ናፍጣ የምትወስን ናት። ከፋብሪካ ታሽጋ ነው የምትመጣው። ማኅተሙ የታለ?

ባለንብረቷ፦ የለም። ተሰብሯል። አዎ… ከመግዛቴ በፊት የነበረው ሹፌር «ጉልበት የላትም» ብሎ ፖምፓ አስከፍቶ ነበር ብለውኛል።

መካኒኩ፦ ይኸው ነው። ጉልበት ያጣችው አየር ስላነሳት ነው፤ እሱ ናፍጣ ጨመረባት። ለማቃጠል አየር ከሌለ ናፍጣ ቢጨመር ጥላሸት ይሆናል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ ሲመጣ ናፍጣ ምን ያህል እንደጨመረ ታውቂዋለሽ፤ ከኋላሽ የሚወጣው ጥቁር ነገር ገንዘብሽ ነው። የጥቁር ጭስ ሞተር ደግሞ ግለቱም ይጨምራል። ስለዚህ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ፖምፓው ናፍጣ ላብራቶሪ ሄዶ በማሽን ይለካና ለዚህ ከፍታ ተስተካክሎ ይታሸጋል። ኢንጀክተሮቹም አብረው ይሞከራሉ። ከአራቱ አንዱ በደንብ ካልረጨ ያ ሲሊንደር ብቻውን ያጨሳል።

ባለንብረቷ፦ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

መካኒኩ፦ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የየኢንጀክተሩን ቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ ትንሽ ላላ አደርጋለሁ። ጤነኛውን ሳላላ ሞተሩ ይንገዳገዳል። የታመመውን ሳላላ ድምፁ አይለወጥም፤ ድሮም አይሠራም ነበርና። አንቺ ግን ይኼን ራስሽ እንዳትሞክሪ። ናፍጣው ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚመጣው፣ ቆዳ ቀዶ ይገባል። … ስሚ፣ አንድ፤ ተንገዳገደ። ሁለት፤ ተንገዳገደ። ሦስት፤ ሰማሽ?

ባለንብረቷ፦ ብዙም አልተለወጠም።

መካኒኩ፦ አራት፤ ተንገዳገደ። ሦስተኛው ኢንጀክተር ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ግፊቱ ደግሞ በወረቀትሽ ላይ 24 ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሲሊንደሩ አይደለም። ያ ጋራዥ የለካው ቁጥር አሁን ነው የጠቀመን።

ባለንብረቷ፦ አሁን ሙቀቱ ቀረ። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ልጆች ነው የምጭነው።

መካኒኩ፦ ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው?

ባለንብረቷ፦ 100።

መካኒኩ፦ በባሕር ጠለል ላይ። አዲስ አበባ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሽሮ ስትሠሪ ላታስተውዪው ትችያለሽ፤ ሞተር ግን ያስተውለዋል። ራዲያተር ውኃውን በግፊት ስለሚይዘው ነው ከ100 በላይ እንኳ ሳይፈላ የሚቆየው። ግፊቱን የሚይዘው ይህች ክዳን ናት። ካጠፋናት ቆይታ ቀዝቅዛለች፣ ልክፈታት። ላስቲኩን በጥፍርሽ ጫኚው።

ባለንብረቷ፦ ደርቋል። ተሰነጣጥቋልም።

መካኒኩ፦ ግፊት አትይዝም። ስለዚህ ውኃሽ በ92 ይፈላል። ተርሞስታቱ ደግሞ 82 ገደማ ላይ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ገና በደንብ ሳይከፈት ውኃው ፈላ ማለት ነው። መገናኛ ላይ ቆመሽ የምታዪው መርፌ ይኼ ነው። አጥፍተሽ የምትሰሚው መንተክተክም ይኼ ነው።

ባለንብረቷ፦ ተርሞስታቱ የለም እኮ። ሙቀቱ ሲጀምር አንዱ መካኒክ «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጣለው።

መካኒኩ፦ ወይ ጉድ! ይኼን ስሰማ በጣም ነው የማዝነው፤ በየጋራዡ አለ። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚያስኬደውን በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውኃው ራዲያተር ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን በር ይዘጋል። ስታወጪው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የጋለው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። የፋብሪካው መጽሐፍ ራሱ «ቢሞቅም አታውጡት፣ ይብስበታል» ይላል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ነጩን ጭስ ያረዝመዋል። አየሽ፣ ሁለቱ ሕመምሽ እዚህ ላይ ተገናኙ።

ባለንብረቷ፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አይደለም ማለት ነው?

መካኒኩ፦ ገና አላልኩም። እሱም ሲቀዘቅዝ ነው የሚፈተሸው። ጠዋት ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ውኃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይ ሌሊት ያደረው የራዲያተር ጎማ ሳይሞቅ ገና በደቂቃ ውስጥ ከጠነከረ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው። ዘይቱ ነጥቶ ከተገኘም እንደዚያው ነው። የዘይትሽ መለኪያ ንጹሕ ጥቁር ነው፤ ለአሁኑ ተስፋ አለኝ። አረፋ ካየሁ ግን አልሸሽግሽም፤ ቴስታታው ይነሳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል። ያኔም ቢሆን ቴስታታ ነው የሚነሳው፤ ሞተር አይወርድም።

ባለንብረቷ፦ ሰው ሁሉ «በኮምፒውተር አሳዪያት» ይለኛል።

መካኒኩ፦ የት ይሰካል? በዚህች መኪና ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም። ፖምፓው ሙሉ በሙሉ በብረትና በስፕሪንግ ነው የሚሠራው። በአዲሶቹ ላይ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ጥሩ ነው። እዚያም ቢሆን ስካነሩ «አየር አነሰኝ» ይልሻል እንጂ «ፊልትሮሽ ተደፍኗል» አይልሽም። የመጨረሻዋን እርምጃ ሰው ነው የሚሄዳት።

ባለንብረቷ፦ ሸጬ ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ልግዛ ወይ ብዬም አስቤ ነበር።

መካኒኩ፦ አቅም ካለሽ አልከለክልሽም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አሮጌ መኪና ማስገባትም ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ከባድ ነው። አንቺ ብትሸጫት ግን ሌላ ሰው ይገዛትና ያው በዚህ መንገድ ትሄዳለች። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። የሚጨሱት አያት ላይ፣ ሲኤምሲ ላይ፣ ልጆች በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በደንብ መመርመር አለባቸው።

ባለንብረቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እርስዎ አሁን ያደረጉት ነገር ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ለምንድን ነው እነሱ ያላደረጉት?

መካኒኩ፦ ልንገርሽ። ሰው ለምርመራ አይከፍልም። ሰው መኪናውን አምጥቶ ግማሽ ቀን አዳምጬ፣ ሞክሬ «ክዳን ቀይር» ብለው «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» ይለኛል። ሞተር ባወርድ ግን ዘይት የነካው ብረት መሬት ላይ ተዘርግቶ ያያል፣ ያምናል፣ ይከፍላል። ወጣቱ መካኒክ ይኼን በሁለት ወር ይማራል። ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ እንጀራው በመፍታት ስለሆነ ነው። የሚፈታው የሚከፈለው ከሆነ፣ የሚፈታ ነገር ያገኛል።

ባለንብረቷ፦ ሐኪም ቤት ግን ካርድ እናወጣለን። ላብራቶሪም እንከፍላለን። «ምንም የለብሽም» ብለው ቢመልሱኝ እንኳ «ገንዘቤን» አልልም፤ ደስ ብሎኝ ነው የምወጣው።

መካኒኩ፦ እኔ የምለው ይኼንኑ ነው! ለመኪናም ካርድ ይኑር። የምርመራ ዋጋ ለብቻው ይጻፍ፣ ውጤቱም በወረቀት ይሰጥ፦ ይኼ ተለካ፣ ይኼ ተገኘ፣ ይኼ አልተገኘም። ባለንብረቱ ወረቀቱን ይዞ ወደፈለገበት ጋራዥ ይሂድ። እንደዚያ ቢሆን መርማሪው ሞተር እንዲወርድ የሚጓጓበት ምክንያት አይኖረውም። እኔ ይኼን ስል አንዳንዱ የሙያ አጋሬ ይስቃል፤ «ደንበኛ ያሸሻል» ይላል። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ሸሽቷል።

ባለንብረቷ፦ እኔ አልሸሽም። ግን እነሱ ጋርም ፍርዱን ሳልሰማ ልቤ ተቀብሎት ነበር። «ሞተር አልቋል» ሲሉኝ ከባድ ነገር ስለሆነ እውነት መሰለኝ። «ክዳን ነው» ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር ይሆናል።

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው እንደዚያው ነው። ከባዱ ፍርድ የተማረ ይመስላል። ነገርን ከሥሩ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

ባለንብረቷ፦ እንግዲህ የምርመራውን ስንት ልክፈል? በወረቀት ይጻፉልኝ፤ የሦስተኛውን ኢንጀክተርም፣ የማኅተሙንም፣ ሁሉንም።

መካኒኩ፦ እጽፍልሻለሁ። ያልጨረስኩትንም «አልተረጋገጠም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ናፍጣው ውስጥ አየር የሚገባበት ቦታና ጓርኒሲዮኑ ገና ናቸው። የታይሚንግ ቺንጋዋም መቼ እንደተቀየረች ካላወቅሽ በ100,000 ኪሎ ሜትር የምትቀየር ነገር ናት፣ ትታይልሽ። ብትበጠስ ያኔ ነው በእውነት ሞተር የሚከፈተው። ክዳኑንና ተርሞስታቱን ሶማሌ ተራ ሄደሽ ስትገዢ አሮጌውን ክዳን ይዘሽ ሂጂ፤ ላዩ ላይ 0.9 የሚል አለ፣ ከዚያ የተለየ ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ተርሞስታቱ ከታች ተጨማሪ ሰሃን ያለው ይሁን፤ አቋራጩን የሚዘጋው እሱ ነው።

ባለንብረቷ፦ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ልጆች የሉኝም። መኪናዋ እዚህ ትደር?

መካኒኩ፦ ትደር። በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ተዳፋት ነው፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገሽ አቁሚያት። ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ፣ ማንም እንዳያስነሳብኝ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ድረሺ፤ ሞተሪኖውን አንቺ ታዞሪያለሽ፣ እኔ ቱቦውን አያለሁ።